የቀያሽ እስታንድ

ኅዳር 4

ይህን ደብተር ያመጣችልኝ ልጄ ትጊ ናት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፍበት፣ እጅህ ይፍታታል አለች። እጄ ምን ሆኖ? ዕድሜውን ሙሉ ካሜራ የያዘ እጅ ነው። ጽሕፈት ግን ወዳጄ አይደለም፣ እሱን አልክድም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከሚስቴ ከአሰፋች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። እሷ ቀድማኝ ማንበብ ቻለች። ነፍሷን ይማር፣ እስክትሞት ድረስ የመድኃኒት ብልቃጥ የምታነብልኝ እሷ ነበረች።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት በንዴት ነው። የትጊ ሠርግ ለጥር 18 ተቆርጧል። ሙሽራው እዮብ ይርጋጨፌ ላይ አስተማሪ ነው። ደህና ልጅ ነው፣ ሲሄድ ትንሽ ያጎነብሳል። እራት ስታቀርብ ድምጿን አለዝባ፣ ፎቶውን ነብዩ ቢያነሳው ምን ይመስልሃል አለችኝ። የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ሳህኑ ላይ አደረግኩት።

ነብዩ ማለት እኔ ጋ ተቀጥሮ ያደገ ልጅ ነው። ፊልም ማጠብን በጨለማ ክፍል እጁን ይዤ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ከእኔ ፎቶ ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ግንባሩ ሁሉ መስታወት የሆነ ቤት ከፍቷል። ደንበኞቼ መንገዱን እየተሻገሩ ሲገቡለት በሬ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። አሁን ደግሞ ልጄም ትሻገር?

የልጄን ሠርግ የማነሳው እኔ ነኝ አልኳት። ሳህኑን አንስታ ሄደች።

ኅዳር 5

ጎረቤቴ ሩቂያ ሻይ በግማሽ ብርጭቆ ሰጠችኝ። ምነው ቆጠብሽ አልኳት። እንዳይፈስብዎት ብዬ ነው አለች። ብርጭቆዎቿ ናቸው፣ አፋቸው ሰፊ ነው።

ኅዳር 8

እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በነብዩ በር አለፍኩ። መስታወቱ ውስጥ አሁንም አለች። አሰፋች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ልትስቅ ስትል። ከመሞቷ በፊት በነበረው ዓመት በእኛው ግቢ ነብዩ ያነሳት ነው። ለቀብሯም ድንኳን ውስጥ የቆመው ያ ፎቶ ነው፣ ሌላ ደህና አልተገኘም። የፎቶ አንሺ ሚስት ሆና።

እኔ ያነሳኋት ሞልቷል። አንዱ ላይ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ሌላው ላይ እንደተቆጣ ሰው አፍጣለች። እንደዚያ ሆና አንድ ቀን የእኔን ካሜራ አላየችም። የእሱን ግን አየች። ምን ብሏት ይሆን? ምን ያለ ነገር ቢነግራት ነው ፊቷ እንደዚያ የበራው? ብጠይቀው ይነግረኝ ይሆናል። አልጠይቀውም።

አላፊ አግዳሚው ሚስቴን በሌላ ሰው መስኮት ያያታል። አንዳንድ ቀን ገብተህ አውርድ በለው ይለኛል ልቤ። ከወረደች ደግሞ ሳልፍ አላያትም። ስለዚህ ዝም እላለሁ።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ከታቦቱ ፊት ካሜራ የያዘ ሁሉ ተሰልፏል። የነብዩን እስታንድ ዛሬ በደንብ አየሁት። ጥቁር ነው፣ ቀጭን ነው፣ እንደ ሸረሪት። ማጠፊያዎቹን ጠቅ ጠቅ ሲያደርጋቸው ሦስቱም እግሮች ይረዝማሉ፣ ካሜራው አናቱ ላይ ቁጭ ይላል፣ እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ከሰው ጋር ያወራል። ይህ ፎቶ ማንሳት ነው? ፎቶ አንሺ ማለት ትንፋሹን ውጦ በእጁ የሚያነሳ ነው። እኔ የስንቱን ክርስትና፣ የስንቱን ሠርግ በእጄ አንስቻለሁ።

ከኋላዬ ሁለት ልጆች ያወራሉ። እንደሌለሁ ቆጥረው ነው ወይም እንደማልሰማ። ሰሞኑን ሬዲዮው ሁሉ ወደ አዋሽ በኩል መሬት ተንቀጠቀጠ የሚል ነው። አንዱ፣ "የጋሽ በዛብህ ፎቶ ላይ ቶሎ ነው የጀመረው፣ ዲላ ከገባ ቆየ" አለ። ሌላው እስኪያስለው ሳቀ።

ትጊ አጠገቤ ነበረች። አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ካሜራው አርጅቷል። ሌንሱ ነው።

ኅዳር 14

አሰብኩበት። እስታንድ መግዛት ነው። ለእኔ አይደለም፣ ለካሜራው ነው።

ኅዳር 16

ፈድሉ ሱቅ ሄድኩ። ፈድሉ ከስልክ ሽፋን እስከ ድምፅ ማጉያ የማይሸጠው የለም። እስታንድ አውጣ አልኩት።

መጀመሪያ ያወጣት ፕላስቲክ ናት። ካሜራዬን ባስቀምጥባት እንደታመመች ዶሮ አንገቷን ደፋች። በጣቴ ነካ አደረግኳት፣ ብዙ ቆይታ ነው መወዛወዙን የተወችው። እሷ ለቲክቶክ ናት ጋሼ አለኝ ሳልጠይቀው። ታዲያ ለምን አወጣሃት።

ሁለተኛው የቪዲዮ ነው። ረዥም እጀታ አለው፣ ጭንቅላቱ ዘይት እንደተቀባ ቀስ ብሎ ይዞራል። እሱን ወደድኩት። ነገር ግን መካከለኛውን ምሰሶ ከፍ ሲያደርገው መንገጫገጭ ጀመረ። ቁመት ያገኘ መስሎት ጉልበቱን ያጣል። ከፍ ማለት ያለበት እግሩ ነው እንጂ አንገቱ አይደለም፣ ይህን ለፈድሉ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ገብቶት ይሁን እንድወጣለት አላውቅም።

ሦስተኛ ያወጣው አንድ እግር ብቻ ነው። ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ካሜራው ጫፉ ላይ ይታሰራል፣ ሰውየው ይደገፈዋል።

"ለእርስዎ የሚሆነው ይሄ ነው ጋሼ። ቀላል ነው፣ ሲደክምዎትም ይመረኮዙታል።"

እኔ ገና ምርኩዝ አልያዝኩም አልኩት።

የነብዩን ዓይነት የለህም ወይ ልለው ፈልጌ ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ። እሱ ራሱ አነሳው። የነብዩን ዓይነት ከአዲስ አበባ አስመጣልዎታለሁ አለ። የነብዩን ዓይነት ይዤ ነብዩ ፊት ልቆም? ጋሽ በዛብህ ከተማሪው ኮረጀ ሊባል? ከእሱ የሚበልጥ እንጂ የእሱን ዓይነት አልፈልግም ብዬ ወጣሁ።

ኅዳር 20

ትጊን ነብዩ በር ላይ አየኋት። ይሳሳቃሉ። ስትመጣ ምን ያስቃችኋል አልኳት። ስለ ፎቶ መጠን ነው ያወራነው አለች። የፎቶ መጠን የሚያስቅ ነገር የለውም።

ኅዳር 24

ከከተማ ወጣ ብዬ ጪጩ ዋልኩ። አንድ የቡና ገዢ ቤተሰቤን አንሳልኝ ብሎ ነው። እሸት ቡና የሚገባበት ጊዜ ስለሆነ አገሩ በሙሉ የቡና ገለፈት ይሸታል። ቤተሰቡን በረንዳ ላይ ደርድሬ አንስቼ ስጨርስ፣ ጓሮ ውስጥ ዶሮ የሰፈረችበት ነገር ዓይኔ ገባ። ሦስት ቢጫ እግር። ምንድነው ስለው፣ መንገዱ ሲሠራ ቀያሾቹ ግቢዬን ተከራይተው ነበር፣ ሲለቁ ጥለውት ሄዱ አለኝ።

ዶሮዋን አባረርኩና አቆምኩት። እግሩ እንደ ክንዴ የወፈረ እንጨት ነው፣ ጫፉ መሬት የሚወጋ ብረት። በሙሉ ክብደቴ ተደገፍኩት። ንቅንቅ የለም። ካሜራ ይቅርና ሰው ይሸከማል። የነብዩ እስታንድ ከዚህ ጎን ቢቆም ልጁ ይመስላል።

የፎቶውን ዋጋ ተወውና ይህን ስጠኝ አልኩት። ከልቤ መሆኑን ሲያይ ሳቀና ሰጠኝ።

በባጃጅ ይዤው መጣሁ፣ እግሩ በጎን ወጥቶ። ባለባጃጁ፣ መሐንዲስ ነዎት እንዴ ጋሼ አለኝ። አዎ አልኩት። ምን አለበት።

ኅዳር 27

የዛሬውን አሰፋች ብትሰማ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

ጠዋት ፎቶ ቤቴ በር ላይ እስታንዱን ተከልኩት። ካሜራው ገና አልተሰካም። ጎንበስ ብዬ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቀጥ ብሎ መቆሙን ለማየት በአናቱ ላይ ወደ ማዶ እመለከታለሁ። ቀና ስል ሩቂያ በሯ ላይ ቆማለች። ፊቷ ተለዋውጧል።

"ጋሽ በዛብህ፣ ለማዘጋጃ ቤት መሥራት ጀመሩ?"

ነገሩ አልገባኝም። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጣ። ሌሎችም ተከተሉ። መንገዱ ይሰፋል ሲባል ነበር፣ ይኸው ቅየሳ ተጀመረ አሉ። ስንት ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል ይለኛል አንዱ። ካሳውስ ይላል ሌላው። ሩቂያ የቤቷን ካርታ በፌስታል አምጥታ አፍንጫዬ ሥር ዘረጋችው፣ ከጽሑፍ ጋር እንደማልስማማ እያወቀች። አንድ ሰው ከየት ወገን ነው የሚፈርሰው ብሎ ጠየቀኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እጄ ወደ ማዶ፣ ወደ ነብዩ መስታወት አመለከተ። ራሱ ነው የሄደው።

ሰዉ ወደ ነብዩ ቤት ጎረፈ። ነብዩ ወጥቶ እኔን አየ፣ እስታንዱን አየ። መንገዱን ተሻግሮ መጣና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ይሄ የቀያሽ እኮ ነው። የካሜራ ብሎን አይደለም ያለው፣ አይገባልዎትም" አለኝ። ያናደደኝ በጆሮዬ መናገሩ ነው። ጮኾ ቢናገር ጮኼ እመልስለት ነበር።

ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ ጋሼ ለትጊ ሠርግ እየተዘጋጁ ነው፣ የሚፈርስ ቤት የለም አላቸው። ሩቂያ ካርታዋን አጠፈች። ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም፣ ሻዩንም አላመጣችም።

ብሎኑ እውነትም አይገባም። የእስታንዱ አውራ ጣቴን ያክላል፣ የካሜራው ቀዳዳ ግን የትንሿ ጣቴን ጥፍር አያክልም። ጪጩ ላይ አላየሁትም። ዶሮዋ ናት ያጣደፈችኝ።

ታኅሣሥ 3

ባርናባስ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ባርናባስ የመኪና ዕቃ ቀራጭ ነው፣ ሞተሩ የሞተበት ሁሉ የሚለምነው። እስታንዱንም ካሜራውንም ይዤለት ገባሁ። ሠርግ ላይ ይህን ተክለህ ሙሽራዋን ልትቀይስ ነው አለኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ሥራዬን ስለምፈልግ።

ከታች የእስታንዱን፣ ከላይ የካሜራውን ጥርስ የያዘ ነሐስ ቀርጾ ሰጠኝ። ካሜራው ገጠመ። አሁን ሌላ ነገር አለ፤ የቀያሽ እስታንድ አናቱ ጠፍጣፋ ነው፣ አይዘነበልም። ካሜራው ወደ ታች እንዲያይ ከፈለግኩ የፊቱን እግር ማሳጠር አለብኝ። ይሁን። የነብዩ አንገቱን ወደፈለገው ያዞራል። የእኔ አንዴ ያየውን ያያል።

ታኅሣሥ 9

ሳሎን ውስጥ ሞከርኩት። ሹል ብረቱ ሲሚንቶ ላይ ተንሸራተተና ሦስቱም እግሮች በየፊናቸው ተበታተኑ። ካሜራውን በደረቴ ያዝኩት። ደረቴ ጠቁሯል። ለትጊ አልነገርኳትም።

አሮጌ በረባሶ ቆራርጬ ከየእግሩ ሥር አደረግኩ። የጎማ ጫማ ሲሚንቶ ይነክሳል። እግሮቹን ደግሞ እርስ በርስ በሲባጎ አሰርኳቸው። ቆመ።

ታኅሣሥ 15

ትጊ ዛሬ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከራሴ አልወጣም።

እስታንዱን እያሳየኋት ነበር። እዚህ ይቆማል፣ ሙሽሮቹ እዚያ ይቆማሉ፣ አንቺ ስትወጪ እንዲህ አነሳሻለሁ እያልኩ። ሰማችኝና፣ "አባባ፣ ጉልበትህን ስስም ማን ነው የሚያነሳው?" አለችኝ።

ስንት ሙሽራ የአባቷን ጉልበት ስትስም አንስቻለሁ፣ አባትየው ማን ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። አባቱ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር።

ቆሜ እያነሳሁ ትስሚኛለሽ አልኳት። ቆሞ የሚሳም ጉልበት አለ እንዴ አለች። ከዚያ እናቷን አነሳችብኝ። እማዬ ምን ትል ነበር መሰለህ፣ በዛብህ ፎቶ ሲያነሳኝ ፊቱን አይቼ አላውቅም፣ የማየው ካሜራ ነው ትል ነበር አለችኝ።

ለእኔ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ለልጇ ብላለች።

ታኅሣሥ 17

ካሜራው ላይ የሰዓት ምልክት ያለባት ቁልፍ አለች። ከተጫንኳት ትንሽ ጠብቆ ራሱ ያነሳል። ይህን እያወቅሁ ተጠቅሜበት አላውቅም፣ አንሺ የሌለው ፎቶ ምን ሊረባ ብዬ። እስታንዱን ተክዬ ተጫንኩ፣ ሄጄ ልቀመጥ። ፎቶው ላይ መቀመጫዬ ገና አየር ላይ ነው። ደገምኩት። አሁን ተቀምጫለሁ፣ ግን ካሜራውን ሌባ እንደማይ አየዋለሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል ትላለች ትጊ። ሮጬ ስለተቀመጥኩ ነው።

ታኅሣሥ 22

ከትጊ ጋር ተጣላን።

ጉልበት የሚሳመው ሁለት ወንበር ተደርጎ ነው፣ ለአባትና ለእናት። በእናቷ ወንበር ላይ ፎቶዋን ማስቀመጥ ትፈልጋለች። ጥሩ አልኩ። የትኛውን ስላት፣ ነብዩ ያነሳትን አለች። የእሱ ፎቶ እዚህ ቤት አይገባም አልኳት።

"እንግዲያው አንተ ያነሳሃትን አምጣ።"

ሳጥኑን አወረድኩ። ፎቶዎቹን ሁሉ አልጋ ላይ ዘረገፍኩ። ዓይኗን የጨፈነች አለች። ያፈጠጠች አለች። ከዚያ ወዲህ ያሉት፣ የመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ ፊቷ ሁለት ሦስት ሆኖ የተደራረበ ነው። የዚያን ጊዜ ፊልም መጥፎ ነበር። ፊልም አልነበረም እንኳ፣ ዲጂታል ነበር።

መልሼ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኳቸው።

ጥር 3

ጢሜን ስላጭ ቆረጠኝ። ምላጩ ነው። ትጊ ከሠርጉ በኋላ ሐዋሳ ሐኪም ጋ እወስድሃለሁ ትላለች። ምን ብዬ? አላምምም።

የሠርጉን ቀን ሌላውን ሁሉ ነብዩ ያንሳ፣ ጉልበት መሳሙን ግን እኔ አልኳት። ይህን ያህል ለቀቅኩ። አቅፋ ሳመችኝ። ፈቅጄ የሰጠሁት መሆኑን ነብዩ ይወቀው።

ጥር 11

ጥምቀት። ሰዉ ለጉድ ነው። ነብዩ ታቦቱ በሚያልፍበት ዳር እስታንዱን ከነካሜራው አቁሞ በሌላ ካሜራ ዘማሪዎቹን ሊያነሳ ዞረ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። እስታንዱን ነካሁት። ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ለማየት ነው። የአንደኛው እግር ማጠፊያ ከጣቴ ሥር ጠቅ አለች። ከዚያ ሰው ገፋኝ፣ ተወሰድኩ።

ትንሽ ቆይቶ ያ እግር ወደ ውስጥ ሰመጠ። ካሜራው በግንባሩ ሲመጣ አንድ ዲያቆን በነጠላው ሊቀልበው ሞከረ፣ ሌንሱ ግን ድንጋዩን አገኘው።

ማጠፊያው ራሱ ላልቶ ነበር።

ጥር 12

ራሱ ላልቶ ነበር። ቀጫጭን ነገር እንደዚያ ነው።

ጥር 13

መልሼ አጥብቄዋለሁ መሰለኝ። ሲገፉኝ ነው እንጂ አጠብቀው ነበር። አጠበቅኩት? መሰለኝ።

ጥር 14

ሌንሱን ለጥገና አዲስ አበባ ልኮታል አሉ። ማን ነካው ብሎ አልጠየቀም። ቢጠይቀኝ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። ሁለት ጊዜ በሬ ላይ አልፎ፣ እንደምን አደሩ ጋሼ ብቻ አለኝ።

ጥር 16

ነብዩ የአሰፋችን ፎቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣው። ትጊ ነግራው ነው። አልከለከልኩም። ከጥምቀት ወዲያ እምቢ የማለት አፍ የለኝም።

ወንበሩ ላይ አቆማት። ትጊ ወደ ጓዳ ገባች። ሁለታችን ቀረን፣ አሰፋች ደግሞ በመካከል። ነገሩ አመለጠኝና፣ ምን ብለሃት ነው እንዲህ ያየችህ አልኩት። እንደ ቀልድ ነው ያልኩት።

"እኔን?" አለ። "እኔን አይደለም ያየችው ጋሼ። እኔ እዚያ አልነበርኩም። ካሜራውን እስታንድ ላይ ትቼ፣ ብርሃን የሚመልሰውን ነጭ ጨርቅ ይዤ ከጎኗ ነበርኩ። በእጄ በያዝኩት ሪሞት ነው ያነሳሁት። እርስዎ ከካሜራው ኋላ ቆመው ዝቅ ብሏል፣ አልተስተካከለም እያሉ ይቆጡኝ ነበር። ረሱት?"

ትዝ አለኝ። ቡናው ዛፍ ሥር ነው። አናደደኝ፣ ካሜራውን ብቻውን ትቶ መሄዱ። ስቆጣ እሷ አየችኝ።

ያን ቀን እጄ ላይ ካሜራ አልነበረም።

ስለ ጥምቀቱ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ሻይ ትጠጣለህ አልኩት። ጠጥቶ ሄደ።

ጥር 18

ማለዳ። ድንኳኑ ቆሟል። ሱፉ ጠቦኛል። የሸሚዜን ቁልፍ ትጊ ቆለፈችልኝ፣ በራሷ ሠርግ ቀን። መጡ መጡ እያሉ ነው።

ጥር 19

ቤቱ ባዶ ነው። ቄጤማው ወለሉ ላይ እንደተጎዘጎዘ ነው፣ አልጠረግኩትም። የትናንቱን ሳልረሳ ልጻፍ።

ሚዜዎቹ ዘፈናቸውን ጨርሰው ጉልበት መሳም ሲባል ሰዉ ሁሉ ሳሎን ገባ። ሳሎኑ ጠባብ ነው፣ ድንኳኑ መስኮቱን ስለጋረደው ጨለም ብሏል። ፍላሽ አልፈለግኩም፣ በፍላሽ የተነሳ ፊት የደነገጠ ፊት ነው። ስለዚህ ካሜራው ዓይኑን ገልጦ እንዲቆይ አደረግኩት። ለዚህ ነው እስታንድ የሚባለው ነገር የተፈጠረው፣ አሁን ገባኝ። ቢጫውን እስታንድ በየበረባሶው ላይ ተከልኩት። ያየው ሁሉ ሳቀ። ሩቂያ ደግሞ፣ "ቤቱን ለማን ሊሰጡት ነው የሚለኩት" አለች፣ ታርቃኛለች ማለት ነው።

ግን አክስቶቿ እልል እያሉ ይገፋፋሉ። አንዷ በቀሚሷ አንዱን እግር ጠልፋ ልትጥለው ነበር። እኔ ተጭኜ ሄጄ ልቀመጥ፣ እስታንዱን ማን ይጠብቅ? ያን ጊዜ ነብዩ የራሱን ካሜራ አንገቱ ላይ ወደኋላ አዞረና መጣ።

"ይቀመጡ ጋሼ። እግሩን እኔ እይዛለሁ። ሰው ሳያስበው ይነካዋል።"

ይህን ሲል አላየኝም። በዚያ ባማረ ሱፉ ቄጤማው ላይ ቁጭ ብሎ ሦስቱንም እግሮች እንደ ሕፃን አቀፋቸው። የቀኑ ዋነኛ ፎቶ ያ ነው፣ እሱም በራሱ ካሜራ ሊያነሳው ይችል ነበር። ተወው።

ተጫንኩ። ሄድኩ። ከአሰፋች አጠገብ ተቀመጥኩ። ትጊና እዮብ ተንበረከኩ። ትጊ ቀኝ ጉልበቴን ሳመች፣ ግራዬን ሳመች፣ ከዚያ ወደ እናቷ ወንበር ዞራ የፎቶውን ታች ሳመች። የተዘጋጀሁት ምርቃት ነበር፣ ሽማግሌ ሲመርቅ ስሰማ ያጠናሁት። አንዱም አልመጣ። እጆቼን ራሷ ላይ አደረግኩ። ልጄ አልኩ። ሌላ አልወጣኝም። ካሜራው መቼ እንዳነሳ አልሰማሁም።

ከሰዓት በኋላ መኪኖቹ ወደ ይርጋጨፌ ሄዱ።

ጥር 24

ፎቶውን ማሳተም አለብኝ፣ እኔ ደግሞ ማተሚያ የለኝም። ከጠዋት እስከ ቀትር በሬ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ መንገዱን ተሻገርኩ።

ነብዩ በኮምፒውተሩ ላይ ከፈተልኝ። ሁለታችንም አየን። እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። የቀሚሷ ጥልፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቄጤማው ይታያል። የእዮብ ጫማ ክር ይታያል። አሰፋች ከወንበሯ ሆና በደንብ ትታያለች። ቢጫው ንቅንቅ አላለም፣ ካሜራውም አላለም። ከክፍሉ ሁሉ የተንቀሳቀሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። በትጊ ራስ ላይ ያሉት ሁለት እጆቼ። ጣት የላቸውም። እንደ ጭስ ናቸው።

ሌንሱ አይደለም። እስታንዱም አይደለም።

ነብዩ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በኋላ እኔ ያነሳኋቸው ሌሎች አሉ ጋሼ አለኝ። ይህን ነው የምፈልገው አልኩት። በግራ በኩል ጥግ ላይ የእሱ ጉልበት ገብቷል፣ የእስታንዱን እግር አቅፎ ሲቀመጥ። እሱን የሚያክል ሠራተኛ ይህን ማሰብ ነበረበት። ልቁረጠው አለኝ።

አትቁረጠው አልኩት።

ማተሚያው መሥራት ሲጀምር፣ የጥምቀቱ ራሱ አይደለም የላላው፣ እኔ ነኝ አልኩ። ማሽኑ ይጮኻል። ሰምቶ ይሁን አይሁን አላውቅም። የሚወጣውን ወረቀት በሁለት እጁ ተቀብሎ ብዙ ካየው በኋላ፣ እንዳይጨማደድብዎት ብሎ በካርቶን አድርጎ ሰጠኝ። ስወጣ አሰፋችን ወደ ቦታዋ ልመልሳት ወይ አለኝ። መልሳት አልኩት። ከበሬ ላይ ተቀምጬ ሳያት ዓይኗ ወደዚህ ወደ እኔ ነው። እንዴት ይህን ሁሉ ጊዜ አላስተዋልኩትም።

የእኔን በእኔ መስኮት ሰቀልኩት። ትጊም ደውላ ማክሰኞ ሐዋሳ እንሄዳለን አለችኝ። እሺ አልኳት።

አሁን ሩቂያ ሻይ ይዛ መጥታ መስኮቱ ፊት ቆመች። ፎቶውን ቀረብ ብላ አየችውና፣ ሁሉም እንዲህ ጥርት ብሎ እጅዎን ምን ነካው ጋሽ በዛብህ አለች።

ይንቀጠቀጣል አልኳት።

ብርጭቆው ግማሽ ነው። ተቀብዬ ጠጣሁ።